የማይረጥብ ኮፒ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው በስተጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ያለው አንድ ሱቅ ነበር። እኔ እዚያ ሥራ የጀመርኩት በጽዳት ነው። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ቤት እየኖርኩ ሠርቻለሁ። ምግባቸውን አበስል ነበር፣ ልጆቻቸውን አሳድግ ነበር፣ ፈረንሳይኛውንም ልጆቹ ፊደል ሲቆጥሩ አብሬ ለቀምኩት። ቤተሰቡ ወደ አገሩ ሲመለስ ማዳም ለሱቁ ባለቤት የምሰጠው ወረቀት ጻፈችልኝ። «ታማኝ ናት፤ ጠያቂ ናት» ይላል። ሁለተኛው ቃል ምስጋና ይሁን ስሞታ እስካሁን አላወቅሁም።

የሱቁ ባለቤት ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ነበሩ። የጅቡቲ ሰው ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በሶማሊኛ ነው። በልጅነታቸው ድሬዳዋ አጎታቸው ዘንድ ስላደጉ ግን አማርኛም ይችላሉ። ችግሩ ሴትና ወንድ አይለዩም። እኔን «አንተ፣ ና፣ ተቀመጥ» ነበር የሚሉኝ። እዚህ የምጽፈውን ንግግራቸውን አንባቢ እንዳይደናገር ብዬ አቃንቼዋለሁ። ሰፈሩ ሁሉ «ሙስዩ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው እላቸው ነበር።

በጽዳት ገብቼ በሁለት ወር ውስጥ ስካነሩ ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀት ሊያስነሱ የሚመጡት ብዙዎቹ የእኛ አገር ልጆች ስለነበሩ ቋንቋቸውን የሚሰማ ሰው አስፈለገ። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረርጌ ገጠር የመጡ ናቸው። ጅቡቲ ጥቂት ቀን አርፈው ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ኦቦክ ይሻገራሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ደግሞ ወደ ሳዑዲ። ሱቃችን ሲገቡ አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ ቆመው ያመነታሉ። አማርኛዬን ሲሰሙ ግን ገብተው ይቀመጣሉ።

አንድ ጠዋት አንዲት ልጅ ገባች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከጉያዋ በፌስታል ላይ ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ቀስ ብላ ፈታችው። የጤና ረዳት የምስክር ወረቀት ነበር፤ ጥግና ጥጉ እንኳ አልታጠፈም።

«ሁለት ኮፒ» አለችኝ።

አነሳሁላት። አንዱን ወስዳ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄ ቢረጥብስ?»

«ያው እንደ ዋናው ይበላሻል። ወረቀት አይደል?»

«የማይረጥብ ኮፒ የላችሁም?»

ፕላስቲክ ማልበስ ማለቷ መሰለኝና ማሽኑን አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች።

«እሱን አይደለም፣ እህቴ። ቦርሳዬ ባሕር ቢገባና እኔ ብወጣ፣ ያኔ የማገኘው ኮፒ ማለቴ ነው።»

ይህን ያለችው ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ ስካነሩ ላይ አኖርኩት። ምስሉ ሲወጣ አሳየኋት፣ ኢሜይል ከፈትኩላት፣ የይለፍ ቃሉን እኔ ፊቴን አዙሬ እሷ ራሷ ጻፈች። ከዚያ ምስሉን ለራሷ ላክንላት።

«አሁን የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«ኢሜይልሽ ውስጥ።»

«ኢሜይሉስ የት ነው?»

ሳላስበው ፊቴ ያለውን ኮምፒውተር አመለከትኩ።

«ይሄ ቢሰረቅስ?»

«እዚህ ውስጥ አይደለም።»

«ታዲያ የት ነው?»

አላወቅሁም። «አለ፤ አይጠፋም» ብዬ ሸኘኋት፤ ግን በሰጠሁት መልስ አፈርኩ። በቀን ሃያ ጊዜ የምሠራው ሥራ ነው፤ የምልከው ነገር የት እንደሚያርፍ ግን አንድ ቀንም ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በጅቡቲ ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ጫት ይገባና ከተማው ጸጥ ይላል። ሙስዩ አይቅሙም፤ ያን ሰዓት ጋዜጣ ያነቡበታል። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሙስዩ፣ ኢሜይል የት ነው ያለው?»

«ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ የእኛ አይደለም እንጂ። ሌላ አገር ያለ፣ ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር። ሰርቨር ይሉታል።»

«መብራት ሲሄድስ?»

«ጄኔሬተር አላቸው።»

«ሙቀቱንስ እንዴት ይችላል?»

እኛ በበጋው ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነፍስ ኮምፒውተሮቹን ጎናቸውን ከፍተን ቬንቲላተር ደግነንባቸው ነበር የምንሠራው።

«ክፍሉን እንደ ፍሪጅ ያቀዘቅዙታል» አሉ።

«አይተውታል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ እንዴት አወቁ?»

ጋዜጣውን አጥፈው አስቀመጡ። «አንብቤ ነው። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ተማሪዎቼ እንዲህ ቢጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ የሰባት ሰዓት ጊዜ የእኔ ትምህርት ቤት ሆነ።

ከሦስት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ በሱቁ ኢሜይል ላይ አንድ መልእክት መጣ። አማርኛው በላቲን ፊደል ስለተጻፈ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የገባኝ። ያቺ የጤና ረዳቷ ናት። አሻጋሪዎቹ ጀልባው ከበደ ብለው ቦርሳውን ሁሉ ወደ ባሕር አስጣሏቸው። ኤደን ደርሳ፣ ሰው ቤት ትንሽ ሠርታ፣ አንድ የኢንተርኔት ሱቅ ገብታ ወረቀቷን አተመችው። «ማኅተሙ ሳይቀር አለ» ትላለች። አንዲት የክሊኒክ ኃላፊ አይታላት ተመልሰሽ ነይ ብላታለች። መጨረሻ ላይ፣ «የት እንደነበረ አሁንም አላወቅሁም፤ ግን ነበረ» ብላ ዘጋችው።

ለሙስዩ አነበብኩላቸው። ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ።

እሷ ለጓደኞቿ ነግራ ነው መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ልጆች እየመጡ «የማይረጥበውን ኮፒ» ማለት ጀመሩ። ለሁሉም ኢሜይል እከፍት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጉድለቱን አየሁ። አንዱ አድራሻውን ይረሳል፤ ሌላው ቁጥርና ነጥቡን ያምታታል። አንድ ልጅ ከጅዳ ደውሎ «ተዘግቷል ይለኛል» አለኝ። ለካ ያ ነፃ ኢሜይል ለወራት ካልተከፈተ ይዘጋል፤ ውስጡ ያለውም አብሮ ይሄዳል። ልጁ እነዚያን ወራት ስልክና ኮምፒውተር በሌለበት በረሃ ግመል ሲጠብቅ ነበር።

«የራሳችን ቦታ ብንከፍትስ?» አልኳቸው ሙስዩን።

እሳቸውም ሲያስቡበት ኖረዋል። ከዚያ በፊት ድረ ገጽ ሠርተው አያውቁም፤ ግን መጽሐፍ አስመጥተው ማንበብ ጀምረው ነበር። ቦታ መከራየቱን በፈረንሳይኛ «ኤበርዥማን» እንደሚሉት ነገሩኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ። ማዳም ቤት እንግዳ ሲመጣ አልጋ የማነጥፈው እኔ ነበርኩ፤ እንግዳ ማሳደር ማለት ነው። ፋይልም እንደ ሰው ማደሪያ ይሰጠዋል ማለት ደስ አለኝ። ወዲያው ሌላ ጥያቄ መጣብኝ።

«ሰው ማደሪያውን በምን ያገኘዋል?»

«በስሙ። ስሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስሙን ከአንድ ድርጅት እንይዛለን፣ ቦታውን ከሌላ እንከራያለን፣ ከዚያ ስሙን ወደ ቦታው እናመለክታለን። ነገ ቦታውን ብንቀይር ስሙ አይቀየርም፤ ወደ አዲሱ እናዞረዋለን።»

«ስሙን እንገዛዋለን?»

«አይገዛም። በየዓመቱ ይታደሳል። ካላደስነው ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

ይህን የመጨረሻውን ነገር ሁለታችንም ልብ ሳንለው አለፍን።

ስም መምረጥ ሳምንታት ፈጀብን። ያማረን ሁሉ ተይዟል። ያልተያዘውን ደግሞ ልጆቹ መጻፍ አይችሉም። እኔ አንድ ዘዴ አመጣሁ፦ ወደ ሱቁ ለሚመጣው ሰው ስሙን በቃል እነግረውና በላቲን ፊደል ወረቀት ላይ እንዲጽፈው አደርጋለሁ። የመጀመሪያው ምርጫችን አንድ ዓይነት ሆኖ የተጻፈበት ሁለት ወረቀት አልተገኘም። አንዱ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ ሌላው በፈረንሳይኛ፣ ሌላው ጆሮው እንደሰማው። ሙስዩ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው እንደ ፈተና አረሟቸው። በመጨረሻ ትርጉም የሌላት፣ ማንም ቢሰማት አንድ ዓይነት የሚጽፋት አጭር ስም አገኘን። ስሟን እዚህ አልጽፋትም፤ አሁንም በሥራ ላይ ናት።

ገጹ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ሰው የምንሰጠውን ቁጥር መጻፊያና የይለፍ ቃል መጻፊያ ብቻ። መጀመሪያ እኔና ሙስዩ የየራሳችንን ሰነድ አስቀምጠን ሞከርነው። ሙስዩ አንድ ነገር ላይ ጠንካራ ነበሩ፤ የሰው ወረቀት ከባለቤቱ በቀር ማንም አይከፍተውም፣ እኔም እሳቸውም ጭምር። ስለዚህ የይለፍ ቃል የማይረሳ መሆን ነበረበት። «የስምሽን ፊደል፣ ሰፈርሽን ወይም የተወለድሽበትን ቀን አትጻፊ፤ ሌላ ሰው የማያውቀው፣ አንቺ ግን እንቅልፍሽ ውስጥ የምትይው ቃል ይሁን» እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ሲጽፉ ይስቁ ነበር። አንዲት ልጅ ግን ጽፋ ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገች። ምን ብላ እንደጻፈች አልጠየቅኋትም።

አንድ ጎልማሳ ደግሞ ምንም ወረቀት ሳይኖረው መጣ። መታወቂያም ሰርተፊኬትም የለውም።

«ጓደኞቼ ሁሉ አስቀመጡ፤ እኔ ምን ላስቀምጥ?» አለኝ።

«ፎቶ አንሥቼህ ፎቶህን እናስቀምጠው?»

«በፎቶ ሰው ይመሳሰላል» አለና መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ። ከአውራ ጣቱ እስከ እጁ አንጓ የሚሄድ የማጭድ ጠባሳ አለው። «ይሄን እናቴ ታውቀዋለች።»

እጁን ስካነሩ መስተዋት ላይ አስቀመጠ፤ መብራቱ ከሥሩ ሲያልፍ ጣቶቹን አላነቃነቀም። ምስሉ ሲወጣ የመዳፉ መስመር አንድ በአንድ ይታያል። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው።

በዚያ በጋ የሱቁ ዋና ኮምፒውተር ሞተ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ጢስ ጢስ የሚል ሽታ መጣ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ያስቀመጥናቸው ወረቀቶች ግን ከሌላ ኮምፒውተር ስንገባ ሁሉም አሉ። ሙስዩ ደስ ብሏቸው አየሁና ያልጠበቁትን ጠየቅኋቸው።

«ያኛውም እንዲህ ቢሞትስ?»

«እነሱ መጠባበቂያ ይይዛሉ።»

«አይተውታል?»

ሳቁ፤ በማግሥቱ ግን ተንቀሳቃሽ ዲስክ ይዘው መጡ። በየሐሙሱ ከሰርቨሩ ላይ ሁሉንም ወደ ዲስኩ እንድገለብጥና ወደ ቤቴ ወደ አርሂባ ሰፈር ይዤው እንድሄድ ተስማማን። ሱቁ ውስጥ ከተውነው እሳት ቢነሣ ከኮምፒውተሮቹ ጋር አብሮ ይቃጠላል። አምስት ሳምንት ሙሉ ዲስኩን ከሽንኩርትና ከቲማቲሙ ጋር ዘንቢሌ ውስጥ አድርጌ ተመላለስኩ። በስድስተኛው ሙስዩ «እስቲ የአንቺን የራስሽን ሰነድ ከዲስኩ ክፈቺው» አሉኝ። ኢንተርኔቱን ነቅለው ነበር። ከፈትኩ፤ አልከፈት አለኝ። ሌላውን ሰነዴን ሞከርኩ፤ እሱም እንደዚያው። ለካ ስገለብጥ የነበረው ፋይሎቹን ሳይሆን ወደ ፋይሎቹ የሚያመለክቱትን አቋራጭ ምልክቶች ነው። ዲስኩ ባዶ ነበር ማለት ነው።

ሙስዩ አልተቆጡም። «ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ቅጂ አይደለም» አሉና እንደገና ከመጀመሪያው አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ገልብጬ ከመውጣቴ በፊት ኢንተርኔቱን ነቅዬ የራሴን ሰነድ ሳልከፍት ሄጄ አላውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስት ዓመት ያህል ሄድን። ሙስዩ ዓይናቸውን ታመሙና ለቀዶ ጥገና ወደ ውጭ አገር ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሱቁን ለእኔ ተዉልኝ። በሄዱ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ገጻችንን ስከፍት የማላውቀው ገጽ መጣ። የጫማና የሽቶ ማስታወቂያ ሞልቶበታል። ፊደሉን ተሳስቼ መሰለኝና ደግሜ ጻፍኩ። ያው ነው።

ቁጭ ብዬ ሙስዩ ያስተማሩኝን ከመጀመሪያው አሰብኩ። ስሙ አንድ ነገር ነው፣ ቦታው ሌላ። የጠፋው የትኛው ነው? ለቦታው ድርጅት በወጥ ቤት ፈረንሳይኛዬ ጻፍኩ፤ ስህተቱ ብዙ ነበር፣ ጥያቄው ግን ግልጽ ነው። በማግሥቱ መለሱልኝ። ፋይሎቻችሁ በቦታቸው አሉ፣ አልተነኩም፤ ስማችሁ ግን ወደ እኛ ማመልከቱን ትቷል፤ እስኪስተካከል በዚህ ቁጥር መግባት ትችያለሽ ብለው በስሙ ፈንታ የሚጻፍ ረጅም ቁጥር ላኩልኝ። ቁጥሩን ስጽፍ ያቺ ባዶ ገጻችን መጣች። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ዘንበል ብዬ ተነፈስኩ።

ግን ቁጥሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የመንና ሳዑዲ ያሉት የሚያውቁት ስሙን ነው።

ለስሙ ድርጅት ጻፍኩ። መልሱ እንዲህ ነው፦ ስሙ አልታደሰም፤ ማስታወሻ ደጋግመን ልከናል፤ ለጥቂት ቀናት ለቀድሞው ባለቤት ስለሚቆይ ሌላ ሰው ገና አልያዘውም፤ ግን የምናነጋግረው ባለቤቱን ብቻ ነው፤ ስሙ ሲያዝ የተመዘገበው መታወቂያ ቅጂ ይላክ። ማስታወሻው የት ሄደ ብዬ ፈለግኩ። ሙስዩ ስሙን ሲይዙ የሰጡት ኢሜይል ያስተምሩበት የነበረውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢሜይል ነው። ከጡረታ በኋላ ሣጥኑን መክፈት ትተው፣ እስከ አምና ቀኑን በቃላቸው ይዘው ያድሱት ነበር። ማስታወሻው ሁሉ ማንም የማያነበው ቦታ ሲጠራቀም ኖሯል።

ልጃቸው ዘንድ ደወልኩ። ዓይናቸው ታሽጎ ተኝተዋል፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው።

«ሙስዩ፣ ስሙ ወደቀ።»

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አሉ። «መታወቂያዬም ጅቡቲ ቤቴ ተቆልፎ ነው ያለው።»

«እርስዎም አስቀምጠው አልነበረም እንዴ? መጀመሪያ ስንሞክረው?»

«አዎ፣ አስቀምጫለሁ። ግን በስሙ ካልሆነ በምን ትገቢያለሽ?»

«የቦታው ድርጅት በላከልኝ ቁጥር እገባለሁ። የይለፍ ቃልዎን ነው የማላውቀው።»

አሁን የተቸገሩ መሰሉ። «አትስቂ» አሉኝ፤ ቀጠሉና፣ «ከዚራ» አሉ። ድሬዳዋ ያደጉበት ሰፈር ነው። ስንቱን ልጅ ሰፈርህን አትጻፍ ብለን መልሰናል። አልሳቅሁም፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የሳቅሁት።

መታወቂያቸውን አውጥቼ ላክሁ። ድርጅቱ አንድ ፎርም መለሰልኝ፤ ሙስዩ ልጃቸው እጃቸውን እየመራች ፈረሙበት። ገጹ የተመለሰው በዘጠነኛው ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ስንት ሰው ሞክሮ ጫማና ሽቶ እንዳገኘ አላውቅም። ሦስቱ ጽፈውልኛል። አንዱ «ከተማችሁ የተዘጋ መሰለኝ» አለ።

ሙስዩ ሲመለሱ አንዱ ዓይናቸው ብቻ ነበር የሚያየው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የስሙን ሰነድ መክፈት ነው። «አንድ ሰው፣ አንድ ኢሜይል፣ ያውም የማይከፈት። እኔ ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ይሄ ሊገባኝ ይገባ ነበር» አሉ። ባለቤት በሚለው ቦታ ላይ የእኔን ስም ከእሳቸው ቀጥሎ ጻፉ፤ የሁለታችንን ኢሜይል አስገቡ፤ ማደሻውን ቀን ደግሞ በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ስሜን እያየሁ «ይሄ እኔን ምን ያደርገኛል?» አልኳቸው። «ማስታወሻ የሚመጣልሽ ሰው ያደርግሻል» አሉኝ።

ከዓመታት በኋላ ሁሉም ሰው ካሜራ ያለው ስልክ ያዘና ወረቀቱን ራሱ ማንሣት ጀመረ። ስካነሩ አቧራ ለበሰ፤ ሱቁ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር መሸጫ ሆነ። የመንም ውስጥ ጦርነት ተነሣና ከዚያ ወዲያ ሰዎች ወደ እኛ በጀልባ ይሻገሩ ጀመር። ሙስዩ ጤናቸው ሲደክም ድረ ገጹን እንዝጋው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ውሳኔው የእኛ አልመሰለኝም። ያስቀመጡት ሰዎች ይጠየቁ አልኩና አድራሻቸውን ላገኘኋቸው ሁሉ ጻፍኩ።

ብዙዎቹ አልመለሱም። ከመለሱት ውስጥ አንዳንዶቹ «አውጥቼዋለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ አጥፉት» አሉ። አንዲት ሴት ግን ከሪያድ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ፎቶው ስልኬ ላይ አለ። ስልኬ ግን ሁለቴ ጠፍቶብኛል። እዚያም ይኑር።»

ለሙስዩ አነበብኩላቸው። ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን በደህናው ዓይናቸው ፈለጉ፤ ከዚያ ማደሻው ስንት ቀን እንደቀረው እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ቀኑ ሳይደርስ በዚያው ከሰዓት አደስነው።